ሞተር ሲነሳ የርቀት መለኪያ ሴንሰሩ ንባብ የሚዘልባችሁ ካላችሁ፣ እኔ ጋ እንዲህ ተፈታ

ኤችሲ-ኤስአር04 ሴንሰር (በድምፅ ሞገድ ርቀት የሚለካ) ከአርዱዪኖ ኡኖ (ኮድ የሚጫንበት ትንሽ ሰሌዳ) ጋር አገናኝቼ ትንሽ ሮቦት እየሠራሁ ነበር። ሞተሮቹ ቆመው ሳሉ ግድግዳው 42 ሴንቲሜትር ላይ መሆኑን ያለማወላወል ያነባል። እንደተነሱ ግን 7፣ 180፣ 0 እያለ ይዘላል፤ አንዳንዴ አርዱዪኖው ራሱ ጠፍቶ ይነሳል።

ሴንሰሩን ቀየርኩ፤ ለውጥ የለም። ኮዱ ላይ የ10 ንባብ አማካይ ወሰድኩ፤ ስህተቱን አለዘበው እንጂ አላጠፋውም። 5 ቮልቱ ላይ 470 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ ለአፍታ የሚያጠራቅም ዕቃ) ስጨምር ጠፍቶ መነሳቱ ቀረ፣ ዝላዩ ግን እንዳለ ነው። ሦስት ቀን አለቀ።

ችግሩ የሚመነጨው ከሞተሩ ነው። ብሩሽ ያለው ሞተር ሲዞር ውስጡ ብልጭታ ይፈጠራል፤ ብልጭታው የሚያመጣውን የኤሌክትሪክ ረብሻ ሽቦዎቹ ደግሞ እንደ አንቴና ይረጩታል። ስለዚህ በየሞተሩ ሦስት ባለ 0.1 ማይክሮፋራድ ሴራሚክ ካፓሲተር (ላዩ ላይ 104 የሚል) በየድኩ፦ አንዱን በሁለቱ እግሮች መካከል፣ ሁለቱን ከየእግሩ ወደ ሞተሩ ብረት ሽፋን። ሽፋኑ ብየዳ አልይዝ ብሎኝ ነበር፤ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ ሳነጣው ያዘ። የካፓሲተሩን እግር በተቻለ መጠን አሳጥሩት።

ዝላዩ በአብዛኛው ጠፋ። የቀረውን የጨረሰው ግራውንዱ (ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለሰው መስመር) ነው፦ የሞተሩና የሴንሰሩ በአንድ የብሬድቦርድ (ሽቦ ያለ ብየዳ የሚሰካበት ሰሌዳ) መስመር ያልፍ ነበር። የኤል298ኤን ድራይቨሩን (ሞተሮቹን የሚያንቀሳቅሰውን ሰሌዳ) ግራውንድ በቀጥታ ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር፣ የአርዱዪኖውንም ለብቻው ወደዚያው ነጥብ አመጣሁ። አሁን ሞተሮቹ በሙሉ ፍጥነት እየዞሩ ስክሪኑ 42፣ 42፣ 43 ይላል።