ሙድል ላይ ሮል ስትሰጡ፦ ከሮሉ በፊት ቦታውን ምረጡ

ሴሚስተር በተከፈተ ሳምንት የዩኒቨርሲቲ አይሲቲ ክፍል ስልክ የማያርፈው በሁለት አቤቱታ ነው፦ «ኮርሴ አይታየኝም» እና «የማያስተምረኝ ሰው ውጤቴን ያያል»። ሙድል ኮርሶች በኦንላይን የሚሰጡበት ሲስተም ነው፤ ሮል ደግሞ አንድ ሰው እዚያ ላይ ምን ማየትና ማድረግ እንደሚችል የሚወስን የፈቃድ ጥቅል ነው። አቤቱታው ሲመረመር ብዙውን ጊዜ ሮሉ ትክክል ሆኖ የተሰጠበት ቦታ ስህተት ነው።

ሙድል ላይ ሮል የሚሰጠው በዋናነት በአራት እርከን ነው፦ ሲስተም (ሳይቱ በሙሉ)፣ ካታጎሪ (ኮርሶች በጋራ የሚቀመጡበት ምድብ)፣ ኮርስ እና አክቲቪቲ (በኮርሱ ውስጥ ያለ እንደ ፎረም ወይም አሳይመንት ያለ ሥራ)። ላይ የተሰጠ ወደ ታች ይወርዳል፣ ታች የተሰጠ ወደ ላይ አይወጣም። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲን ለምሳሌ ብንወስድ፣ የአስራት ወልደየስ ጤና ሳይንስ ካምፓስን አንድ ካታጎሪ፣ ነርሲንግን ደግሞ በሥሩ ንዑስ ካታጎሪ ማድረግ ይቻላል። ነርሲንግ ላይ ማናጀር የሆነ ሰው የነርሲንግን ኮርሶች በሙሉ ያስተዳድራል፤ የግብርናው አይነካውም። «ቲቸር» የሚለውን ሮል ሲስተም ላይ ከሰጣችሁት ግን መምህሩ በዩኒቨርሲቲው ያለ ኮርስ ሁሉ መምህር ይሆናል፣ የሁሉንም ውጤት ያያል፣ ይቀይራልም። ሁለተኛው አቤቱታ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ስለዚህ ቲቸርና ስቱደንት ኮርስ ላይ ብቻ ይሰጡ። ማናጀርና ኮርስ ክሪኤተር ካታጎሪ ላይ ይሰጡ። ኮርስ ክሪኤተር አዲስ ኮርስ ሲከፍት ሲስተሙ ራሱ በዚያ ኮርስ ላይ ቲቸር ያደርገዋል፤ ደግማችሁ መመዝገብ አያስፈልጋችሁም። ሳይት አድሚን፣ ማለትም የጠቅላላው ሳይት አስተዳዳሪ፣ ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው፤ ክልከላ አይይዘውም። ሁለት ወይም ሦስት ሰው ይበቃል፤ እነሱም ለዕለት ሥራ ሌላ ተራ አካውንት ይኑራቸው። በአድሚን አካውንት ሁሉም ነገር ስለሚታይ መምህሩን የገጠመው ችግር እናንተ ዘንድ አይታይም።

ካታጎሪ ላይ ሮል ያገኘ ሰው ኮርሱን ይከፍታል እንጂ «ኢንሮል» አልሆነም፣ ማለትም በኮርሱ አልተመዘገበም። በተሳታፊዎች ዝርዝር አይወጣም፣ ተማሪ አሳይመንት ሲያስገባም ማሳወቂያ አይደርሰውም። የትምህርት ክፍል ኃላፊው ራሱ የሚያስተምረው ኮርስ ካለ እዚያ ላይ ለብቻ ቲቸር ብላችሁ መዝግቡት።

በጣም የሚያሳስተው የረዳት መምህር ጉዳይ ነው። የእንስሳት እርባታ ኮርስ ሦስት ምድብ ኖሮት፣ በመንዝ በግ ላይ የሚደረገውን የተግባር ልምምድ ሦስት ረዳቶች ያርማሉ እንበል። እያንዳንዱ የራሱን ምድብ ብቻ እንዲያይ «ነን ኤዲቲንግ ቲቸር» የሚለውን ሮል ስጡት፤ ይህ ሮል ውጤት ይሞላል፣ ኮርሱን ግን አያስተካክልም። ሮሉ ብቻውን ግን አይበቃም። ኮርሱ ውስጥ «ፓርቲሲፓንትስ» ግቡ፣ ከተቆልቋይ ዝርዝሩ «ግሩፕስ»ን መርጣችሁ ሦስቱን ምድቦች ፍጠሩ፣ ተማሪዎቹንም ረዳቱንም በየምድባቸው አስገቡ። ከዚያ ኮርስ ሴቲንግስ ውስጥ ግሩፕ ሞድን «ሴፓሬት ግሩፕስ»፣ ፎርስ የሚለውን «የስ» አድርጉ። ይህ ካልተደረገ ሦስቱም የሁሉንም ያያሉ። ተደርጎ ረዳቱ ምድብ ውስጥ መግባቱ ከተረሳ ደግሞ አንድም ተማሪ አይታየውም፤ «ሲስተሙ ተበላሸ» ብሎ ይደውላል። ዋናው ቲቸር ሁሉንም ምድብ የማየት ፈቃድ ከመነሻው ስላለው ይህ አይገጥመውም።

ተጠቃሚን በሲኤስቪ ፋይል (በሠንጠረዥ መልክ በተዘጋጀ ዝርዝር) በጅምላ ስትጭኑ ሌላ ወጥመድ አለ። የሮሉ አምድ የሚቀበለው ሮሉ ስክሪን ላይ የሚታይበትን ስም ሳይሆን አጭር ስሙን ነው። «ቲቸር» የሚለው አጭር ስም የረዳቱ ነው! የዋናው መምህር «ኤዲቲንግቲቸር» ነው፤ በላቲን ፊደል፣ ሁሉም በትንንሹ፣ ያለ ክፍተት። ሃምሳ መምህር ጭናችሁ ማናቸውም ኮርሳቸውን ማስተካከል ካቃታቸው መጀመሪያ ይህን አምድ እዩ።

ፈቃድን መነካካት ካስፈለገ አራቱን ምርጫዎች ለዩ። «ኢንሄሪት» ከላይ የመጣውን ይይዛል። «አላው» ይፈቅዳል። «ፕሪቨንት» በዚያ ሮል የመጣውን ፈቃድ ያነሳል፤ ከዚያ በታች ባለ እርከን ወይም ሰውየው ባለው ሌላ ሮል ግን ሊመለስ ይችላል። «ፕሮሂቢት» አይመለስም። ለምሳሌ አንድ ፎረም ላይ ተማሪ አዲስ ውይይት እንዳይከፍት ከፈለጋችሁ፣ ፎረሙን ከፍታችሁ «ፐርሚሽንስ» ገጽ ላይ ውይይት ስለመጀመር የሚለውን ፈልጉና ስቱደንት ከሚለው አጠገብ ያለችውን የቅርጫት ምልክት ተጫኑ፤ ያ ፕሪቨንት ነው። በስህተት ፕሮሂቢት ካደረጋችሁ፣ በዚያው ኮርስ ተማሪም ረዳትም ሆኖ የተመዘገበ ሰው በረዳትነቱ እንኳ አዲስ ውይይት መክፈት አይችልም።

ሥራችሁን «ስዊች ሮል ቱ» በሚለው መፈተሽ ለፈጣን እይታ ይሆናል፤ ምድብ ውስጥ ስለሌላችሁ ግን የተማሪውን ትክክለኛ ገጽ አያሳይም። የሚታመነው «ቼክ ፐርሚሽንስ» ነው፤ እዚያው ከፓርቲሲፓንትስ ተቆልቋይ ዝርዝር ይገኛል። የሰውየውን ስም ስትመርጡ እያንዳንዱን ፈቃድ አለው ወይ የለውም ብሎ ይዘረዝራል።

ተማሪ ትምህርቱን ሲያቋርጥ ከኮርሱ አትሰርዙት፤ የምዝገባውን ሁኔታ «ሰስፔንድድ» አድርጉት። መግባት አይችልም፣ ውጤቱ ግን ይቀመጣል፣ ሲመለስም በአንድ ለውጥ ይከፈትለታል።

ለርቀት ተማሪዎች የምዝገባ ማብቂያ ቀን ስትሞሉ ሲስተሙ የሚያውቀው የፈረንጆቹን አቆጣጠር ነው። ታኅሣሥ 1 ቀን 2018 ማለት ዲሴምበር 10 ቀን 2025 ነው። ሰዓቱ ደግሞ ከቀኑ ይብሳል። ማታ 12 ሰዓት ለመዝጋት አስባችሁ 12ን ከመረጣችሁ ቀን 6 ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ከመሐል ሜዳ ከተማ በስልኩ የሚገባው ተማሪ ግማሽ ቀን ይጎድልበታል። የሚመረጠው 18 ነው።