በሪዞርት ውስጥ ግዢን በክፍል ሂሳብ እንዴት መክፈል ይቻላል

በሪዞርት ያረፈ እንግዳ ምሳ በበላ፣ መጠጥ ባዘዘ ወይም ከስጦታ ዕቃ መሸጫው አንዳች ነገር በገዛ ቁጥር ቦርሳውን መፈለግ አይጠበቅበትም። ወጪው ባረፈበት ክፍል ስም እየተመዘገበ ይቆይና ሪዞርቱን ሲለቅ በአንድነት ይከፍለዋል። የክፍል ሂሳብ የሚባለው ይህ ነው። አሠራሩ በተለይ ሰው የዋና ልብስ ለብሶ በሚውልበት፣ ገንዘብም ሆነ ካርድ ይዞ መዞር በማይመችበት ስፍራ እጅግ ያግዛል። ይሁን እንጂ ቢል ላይ መፈረም ዱቤን ማመን እንጂ መክፈል አለመሆኑ ከመነሻው ሊጤን ይገባል። ሂሳቡ እንግዳው እስኪወጣ ድረስ ክፍት ስለሆነ በየሰዓቱ ይጨመርበታል፣ አልፎ አልፎም ስህተት ይገባበታል፤ ስህተቱ በቀላሉ የሚታረመውም ሂሳቡ ሳይዘጋ በፊት ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1950 የተመሠረተው ክለብ ሜድ የተባለው የፈረንሳይ የዕረፍት ጉዞ ኩባንያ በመዝናኛ መንደሮቹ እንግዶች አንገታቸው ላይ የሚያጠልቋቸውን ዶቃዎች ለመጠጥ መክፈያ እንዲጠቀሙባቸው ያደርግ ነበር፤ በአሜሪካ ፍሎሪዳ ያለው የመዝናኛ ስፍራ ዋልት ዲዝኒ ወርልድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013 ማጂክባንድ የተባለውን፣ የክፍል በር የሚከፍትና ግዢን በክፍል ሂሳብ የሚያስመዘግብ የእጅ አምባር አስተዋወቀ። ልዩነቱ በዶቃው ጊዜ እንግዳው ምን ያህል እንደቀረው በዓይኑ ያይ የነበረ መሆኑ ነው። የዛሬው አምባርና የቁልፍ ካርድ ግን ወጪው የት እንደደረሰ አይናገርም፤ ክትትሉ የእንግዳው ፋንታ ነው።

ሂሳቡን ማስከፈት

በእንግዳ መቀበያው ሲመዘገቡ ሠራተኛው ፓስፖርትዎን ወይም መታወቂያዎን ከተመለከተ በኋላ የክፍያ ካርድ ይጠይቅዎታል። የክፍሉን ኪራይ አስቀድመው በኢንተርኔት ከፍለው ቢሆን እንኳ ይህ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ አይቀርም፤ ምክንያቱም የተከፈለው ለመኝታው ሲሆን አሁን የሚጠየቀው ካርድ ከኪራዩ ውጭ ለሚመጡ ወጪዎች ዋስትና እንዲሆን ነው። ካርድ የሌለው ወይም መስጠት የማይፈልግ እንግዳ በጥሬ ገንዘብ ማስያዣ ሊያስቀምጥ ይችላል። ያስቀመጠው ገንዘብ በወጪ ሲሸፈን ግን ተጨማሪ እስኪያስይዝ ድረስ ወደ ክፍሉ ማስመዝገቡ ይቆማል። ከሁለቱ አንዱንም ያላቀረበ እንግዳ ክፍሉ በኮምፒውተሩ ላይ ዱቤ የተከለከለ ተብሎ ይያዝና በየምግብ ቤቱ እጅ በእጅ እንዲከፍል ይደረጋል።

ቁልፉን ከመረከብዎ በፊት በዚህ ክፍል ስም መፈረም የሚችለው ማን እንደሆነ ይጠይቁ። በአንድ ክፍል ያሉ ሰዎች ሁሉ ቁልፍ ከተሰጣቸው ብዙ ጊዜ ሁሉም ማስመዝገብ ይችላሉ፤ ከፋዩ ግን ካርዱን የሰጠው ሰው ብቻ ነው። ልጆች አብረውዎ ካሉ የእነርሱ ቁልፍ በር ብቻ እንዲከፍት፣ ወይም ሂሳቡ ከተወሰነ መጠን እንዳያልፍ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ። ከጓደኛ ጋር ክፍል የተጋሩ እንደሆነ ደግሞ ለእያንዳንዳችሁ የተለየ ሂሳብ እንዲከፈት ማድረግ ይሻላል፤ በመጨረሻው ቀን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ «ይህ ቡና የማን ነው» እየተባባሉ ቢል ከመቆጣጠር ያድናል። በመሥሪያ ቤት ወጪ የሚጓዝ ሰውም እንዲሁ ኪራዩ በመሥሪያ ቤቱ ሂሳብ፣ የግል ወጪው በራሱ ሂሳብ ተለይቶ እንዲመዘገብ ከመጀመሪያው ቀን ሊያሳውቅ ይገባል። ተደባልቆ የቆየን ሂሳብ በመውጫው ሰዓት ለመለየት መሞከር የእንግዳውንም፣ ከኋላው የተሰለፈውንም ሰው ጊዜ ይፈጃል።

በካርዱ ላይ የሚያዘው ገንዘብ

ብዙ እንግዶች የሚደናገሩት እዚህ ላይ ነው። ሪዞርቱ በመግቢያው ዕለት ካርዱን ሲያነብ አብዛኛውን ጊዜ ገንዘቡን አይወስድም፤ ባንኩ የተወሰነ መጠን ለይቶ እንዲይዝለት ብቻ ይጠይቃል። የሚያዘው መጠን በአብዛኛው በሌሊቶቹ ብዛት ይሰላል፤ ኪራዩ ካልተከፈለም እርሱን ይጨምራል። የተያዘው ገንዘብ የእንግዳው እንደሆነ ይቆያል፣ ነገር ግን ሊጠቀምበት አይችልም። ለምሳሌ በሂሳብዎ 1,000 ቢኖርና ሪዞርቱ 300 ቢያስይዝ በእጅዎ እንዳለ የሚቆጠረው 700 ብቻ ይሆናል። ከባንክ የሚመጣው አጭር መልእክት ይህንን ከተራ ክፍያ ለይቶ ላይገልጸው ስለሚችል ገንዘቡ የተወሰደ ሊመስል ይችላል።

በክሬዲት ካርድ ሲሆን የሚቀነሰው ከብድር ጣሪያው ስለሆነ ጉዳቱ ያን ያህል አይሰማም። በዴቢት ካርድ ሲሆን ግን የሚታገደው በባንክ ያለው የራስዎ ገንዘብ ነው፤ ለመንገድ ወይም ለሌላ ጉዳይ ያሰቡት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ምርጫ ካለዎት ለዋስትና ክሬዲት ካርድ ይስጡ፤ ያለዎት ዴቢት ካርድ ብቻ ከሆነ ምን ያህል እንደሚያዝና መቼ እንደሚለቀቅ ሳይጠይቁ ካርዱን አያስነብቡ። ወጪዎ ከተያዘው መጠን ሲያልፍ ሪዞርቱ ተጨማሪ ሊያስይዝ ይችላል፤ ባንኩ ካልፈቀደለት ደግሞ ወደ ክፍልዎ ስልክ ይደወላል፣ ወይም በምግብ ቤቱ «ክፍልዎ አልቀበል አለ» ይባላሉ። ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ እንግዳ መቀበያው ሄደው የተጠራቀመውን በከፊል ቢከፍሉ ሂሳቡ እንደገና ይከፈታል።

ሲወጡ በሌላ ካርድ ወይም በጥሬ ገንዘብ ቢከፍሉ በመጀመሪያው ካርድ ላይ የተያዘው ገንዘብ በዚያው ቅጽበት ላይለቀቅ ይችላል። ሪዞርቱ ዕገዳውን ቢያነሳም ገንዘቡን የሚለቅቀው ባንኩ ነው፤ ይህም ጥቂት የሥራ ቀናት ሊወስድ ይችላል። በዚህ መሀል ሁለት ጊዜ የተከፈለ መስሎ ይታያል። ዋስትና በሰጡበት ካርድ መክፈል ይህን ጣጣ ይቀንሳል።

የት ይሠራል፣ የት አይሠራም

ሪዞርቱ ራሱ በሚያስተዳድራቸው ምግብ ቤቶች፣ ቡና ቤቶች፣ ስፓ፣ ልብስ ማጠቢያና ወደ ክፍል በሚመጣ ምግብ ላይ የክፍል ሂሳብ ይሠራል። ይሁን እንጂ አንድ ሱቅ በግቢው ውስጥ ስላለ ብቻ የሪዞርቱ ነው ማለት አይቻልም፤ ቦታ ተከራይተው የሚሠሩ የጌጣጌጥ መደብሮች፣ የጀልባና የጉብኝት አዘጋጆች ክፍያውን ለብቻቸው ይቀበላሉ። ስለዚህ ከማዘዝዎ በፊት «ወደ ክፍል ማስመዝገብ ይቻላል?» ብለው ይጠይቁ። ምግብና መጠጥ በኪራዩ ውስጥ በተጠቃለለበት ሪዞርት ሳይቀር ከጥቅሉ ውጭ የሆኑ ነገሮች፣ ለምሳሌ ውድ መጠጦችና ማሳጅ፣ በዚሁ ሂሳብ ላይ ስለሚወድቁ ጥቅሉ የት ላይ እንደሚያበቃ ማወቅ ያስፈልጋል።

ቢሉ ላይ መፈረም

ምግቡ ካለቀ በኋላ አስተናጋጁ ቢሉን በትንሽ ማኅደር አድርጎ ከእስክሪብቶ ጋር ያቀርብልዎታል። የላይኛው ክፍል ያዘዙት ዝርዝርና ዋጋው ነው፤ ከሥሩ ታክስና የአገልግሎት ክፍያ፣ ከዚያም ድምሩ ይከተላል። ከታች ብዙውን ጊዜ በእጅ የሚሞሉ ባዶ መስመሮች አሉ፦ የጉርሻ፣ የአጠቃላይ ድምር፣ የክፍል ቁጥር፣ ሙሉ ስምና ፊርማ። በመጀመሪያ ዝርዝሩን ካዘዙት ጋር ያመሳክሩ። ቀጥሎ የአገልግሎት ክፍያው አስቀድሞ ተደምሮ እንደሆነ ይመልከቱ፤ ተደምሮ ከሆነ በጉርሻው መስመር ላይ ሌላ መጨመር የእርስዎ ፈቃድ እንጂ ግዴታ አይደለም። የማይጨምሩ ከሆነ መስመሩን ባዶ አይተዉት፤ ሰረዝ ያስምሩበትና በአጠቃላይ ድምሩ ቦታ የታተመውን ቁጥር ደግመው ይጻፉ። ባዶ መስመር ላይ ማንም ሰው ቁጥር ሊጽፍ ይችላል።

የክፍል ቁጥሩን በጥንቃቄና በግልጽ ይጻፉ። 214 ለመጻፍ ታስቦ 241 ቢጻፍ ምሳው የማያውቁት እንግዳ ሂሳብ ላይ ሊያርፍ ይችላል፤ የሌላው ስህተትም በዚሁ መንገድ ወደ እርስዎ ይመጣል። ገንዘብ ያዡ ስምዎን የሚጠይቀው በኮምፒውተሩ ላይ በዚያ ክፍል ከተመዘገበው ስም ጋር ለማመሳከር ስለሆነ ጥያቄው አያስከፋዎት፤ ይልቅ የማይጠየቅበት ቦታ ያሳስባል። የክፍል ቁጥርዎን ሰው በተሰበሰበበት ጮክ ብለው አይናገሩ፤ ስምዎንና ቁጥሩን የሰማ ሰው በስምዎ ሊፈርም ይችላልና። ክፍያው በቁልፍ ካርድ ወይም በአምባር የሚፈጸም ከሆነ ካርዱን ማሽኑ ላይ ከማስጠጋትዎ በፊት በማሽኑ መስታወት ላይ የሚታየውን መጠን ያንብቡ። ሚስጥር ቁጥር እንዲያወጡ ከተጠየቁም ከክፍል ቁጥርዎ የተለየ ያድርጉት። ቁልፉ ከጠፋ ወዲያውኑ ለእንግዳ መቀበያው ያሳውቁ፤ የጠፋው ቁልፍ በር ብቻ ሳይሆን ሂሳብም ይከፍታል።

የቢሉን ቅጂ ይቀበሉ። ወረቀት መሰብሰብ ካሰለቸዎት በስልክዎ ፎቶ ማንሳት ይበቃል፤ ፊርማዎና የጻፉት ድምር አብረው እንዲታዩ ብቻ ያድርጉ።

በቆይታዎ ጊዜ መከታተል

ሂሳቡን በየሁለት ወይም በየሦስት ቀኑ ማየት ጥሩ ልማድ ነው። አንዳንድ ሪዞርቶች በክፍሉ ቴሌቪዥን ወይም በስልክ መተግበሪያ ያሳያሉ፤ ካልሆነም እንግዳ መቀበያው እስከዚያ ሰዓት ያለውን አትሞ ይሰጣል። ሲያነቡት ቀኖቹ ሊያደናግሩ ይችላሉ። ሪዞርቶች የዕለቱን ሂሳብ የሚዘጉት በሌሊት ነው፤ የክፍሉ ኪራይና ታክሱም የሚመዘገበው በዚሁ ጊዜ ነው። ስለዚህ ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ ነገር ግን የዕለቱ ሂሳብ ሳይዘጋ የጠጡት መጠጥ በትናንቱ ቀን ሊጻፍ ይችላል። የቀኑ መለያየት ብቻውን የስህተት ምልክት አይደለም።

ሚኒባሩ፣ ማለትም የሚሸጡ መጠጦችና መክሰሶች የተቀመጡበት የክፍሉ ትንሽ ማቀዝቀዣ፣ ለብቻው ጥንቃቄ ይፈልጋል። በአንዳንድ ሪዞርቶች ዕቃው ከቦታው ሲነሳ ራሱ የሚመዘግብ መሣሪያ ስላለ የራስዎን ውኃ ለማቀዝቀዝ ብለው ጠርሙሶቹን ማንሳት ያልጠጡትን ሊያስከፍልዎ ይችላል። የገዙትን ዕቃ የሚመልሱ ከሆነም ሂሳቡ ሳይዘጋ ይመልሱ፤ ተመላሹ በዚያው ሂሳብ ላይ ተቀንሶ ያልቃል። ከወጡ በኋላ ግን ወደ ካርድ እስኪመለስ መጠበቅ ይመጣል። ክፍል ከቀየሩም የቀድሞው ክፍል ወጪ ወደ አዲሱ መዛወሩን ያረጋግጡ።

ሂሳቡን መዝጋት

ጥሩው ጊዜ ከመውጫው ዕለት በፊት ያለው ምሽት ነው። በማለዳ መኪና ቆሞ እየጠበቀ፣ ሻንጣ በእጅ ይዞ የተነበበ ሂሳብ ተነበበ አይባልም። ምሽት ላይ ሂሳቡን አሳትመው ከቢሎቹ ጋር መስመር በመስመር ያመሳክሩ። ያልገባዎት መስመር ካለ የተፈረመበትን ቢል እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ፤ ፊርማው የእርስዎ ካልሆነ ወይም ቢሉ ከጠፋ እንዲሰረዝልዎ መጠየቅ ተገቢ ነው። የዕለት የሪዞርት ክፍያ የሚባለውን ግን ከስህተት አይቁጠሩት፤ አንዳንድ ቦታ ከኪራዩ በተጨማሪ በየሌሊቱ የሚጠየቅ ስለሆነ ቦታ ሲይዙ በተገለጸልዎት ውል ያመሳክሩት።

በውጭ አገር ሲሆኑ የካርድ ማሽኑ በራስዎ አገር ገንዘብ ወይም በሪዞርቱ አገር ገንዘብ እንዲከፍሉ ሊያስመርጥዎት ይችላል። የራስን ገንዘብ መምረጥ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ምንዛሪው በዚያው ሲሰላ ብዙ ጊዜ ጭማሪ ስላለበት የሪዞርቱን አገር ገንዘብ መምረጥ በአብዛኛው ይረክሳል። ከከፈሉ በኋላ በሚሰጥዎት የመጨረሻ ሂሳብ ግርጌ ቀሪው ዜሮ መሆኑን ይዩ፤ የጥሬ ገንዘብ ማስያዣ ካለዎትም የተረፈውን እዚያው ይቀበሉ። እንግዳ መቀበያው ዘንድ ሳይቀርቡ መውጣት በሚፈቀድበት ሪዞርት ሂሳቡ በበሩ ሥር ወይም በኢሜይል ይደርስዎታል። ዝም ካሉ እንደተስማሙ ተቆጥሮ ከካርድዎ ስለሚወሰድ ሳያነቡት ግቢውን አይልቀቁ።

ከወጡም በኋላ የመጨረሻው ጠዋት ቁርስ ወይም የሚኒባር ዕቃ ዘግይቶ ተመዝግቦ ከካርድዎ ሊቀነስ ይችላል። ስለዚህ ቢሎቹንና የመጨረሻውን ሂሳብ የባንክ መግለጫዎ እስኪደርስ አይጣሉ። የማያውቁት ክፍያ ከታየ አስቀድመው ለሪዞርቱ የሂሳብ ክፍል ይጻፉ፤ የቆዩበትን ቀን፣ የክፍሉን ቁጥርና የመጨረሻውን ሂሳብ ቅጂ ያያይዙ። ሪዞርቱ ካላስተካከለ ክፍያውን በባንክዎ በኩል መቃወም ይቻላል፤ ባንኮች ለዚህ የጊዜ ገደብ ስላላቸው መልስ እየጠበቁ ቀኑን አያሳልፉ።