ሃይኩ ላይ መሳተፍ ለምትፈልጉ፡ ከየት ይጀመራል?

ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር) ላይ መስራት እፈልጋለሁ ግን ከየት ልጀምር ለምትሉ እኔ የምመክራችሁ ሃይኩን ነው። ሃይኩ ሊኑክስ አይደለም፣ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ሳይቀር የራሱ የሆነ፣ ለዴስክቶፕ ተብሎ የተሰራ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው። መነሻው ቢኦኤስ የሚባል የድሮ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ፓልም የሚባለው ኩባንያ የቢኦኤስን ባለቤት ኩባንያ ንብረት ሲገዛ የሲስተሙ ወዳጆች ሞቶ እንዳይቀር ብለው ከዜሮ መጻፍ ጀመሩ፣ ይሄው 5ኛው ቤታ (የሙከራ ስሪት) በ2024 ወጣ። የሰራተኛ እጥረት ያለበት ፕሮጀክት ስለሆነ ትንሽ ስራ እንኳን ብትሰሩ ይታያል፣ እኔ በጣም የምወድለት ይሄንን ነው።

ኮድ ከመንካታችሁ በፊት ተጠቀሙበት። ቨርቹዋልቦክስ (ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር የሚያስመስል ፕሮግራም) ላይም ይሰራል ግን ፍላሽ ላይ ጽፋችሁ ከፍላሹ ቡት ብታደርጉት ይሻላል፣ ምክንያቱም ዋይፋዩ፣ ድምፁ፣ ታችፓዱ ምናምን የሚፈተነው እውነተኛ ማሽን ላይ ነው፣ ዴቨሎፐሮቹ ደግሞ የናንተ አይነት ላፕቶፕ ላይኖራቸው ይችላል። 2 ጊጋ ራም ያለው አሮጌ ላፕቶፕ ይበቃዋል። ዋና ፋይላችሁ ያለበት ዲስክ ላይ ግን እንዳትጭኑት፣ ገና ቤታ ነው። የአማርኛ ጽሁፍም ከፍታችሁ ፊደሉ በትክክል መታየቱን እዩልኝ፣ ይሄን ከኛ ውጪ ማን ይፈትሸዋል።

አሁን ባግ (የሶፍትዌር ስህተት) አገኛችሁ እንበል። ሪፖርት ማድረግ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፣ በደንብ የተጻፈ ሪፖርት የፕሮግራመሩን ግማሽ ስራ ይሰራለታል። መጀመሪያ በየቀኑ የሚወጣውን አዲስ ስሪት (ናይትሊ) አውርዳችሁ ችግሩ እዛም ላይ መኖሩን እዩ፣ ምናልባት ተስተካክሎ ይሆናላ። ከዛ ዴስክባሩ (የሃይኩ ሜኑ ያለበት ባር) ላይ የቅጠል ምልክቷን ነክታችሁ አባውት ሃይኩ ስትሉ ኤችሬቭ (hrev) ብሎ የሚጀምር ቁጥር ይመጣል፣ እሱን ጻፉ፣ ያለ እሱ የትኛውን ቨርዥን እንደምትሉ አይታወቅም። ፕሮግራም ክራሽ ሲያደርግ የሚመጣው መስኮት ላይ ሴቭ ሪፖርት የሚለውን ምረጡ፣ ፋይሉ ዴስክቶፕ ላይ ይቀመጣል፣ እሱን አያይዙት። ችግሩ የሃርድዌር ከሆነ ሲስሎጉንም (ሲስተሙ የሚሰራውን የሚመዘግብበትን ፋይል) ጨምሩ። አንድ ቲኬት (አንድ የተመዘገበ ሪፖርት) ላይ ደግሞ አንድ ችግር ብቻ፣ ሶስቱን አንድ ላይ ከጠቀጠቃችሁት ቲኬቱ መቼም አይዘጋም።

ኮድ የምትችሉ ሲ ፕላስ ፕላስ የሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ያስፈልጋችኋል። ትራክ (ቲኬቶቹ የሚመዘገቡበት ሳይታቸው) ላይ ለጀማሪ ተብለው ኢዚ የሚል ምልክት የተደረገባቸው ቲኬቶች አሉ፣ ከነሱ አንዱን ያዙ። ጊትሃብ (ኮድ የሚቀመጥበት ሳይት) ላይ ያለው የሃይኩ ኮድ ኮፒ ነው፣ ፓች (የኮድ ማስተካከያ) የሚላከው ጌሪት በሚባለው የኮድ መገምገሚያ ሳይት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ ይደናገራል፣ ሪቪው ያደረገው (ኮዱን የገመገመው) ሰው አስተካክል ሲላችሁ አዲስ ኮሚት (ሌላ የተመዘገበ ለውጥ) አትጨምሩ፣ የድሮውን አሜንድ አድርጋችሁ (እሱኑ አርማችሁ) መልሳችሁ ላኩት፣ ያኔ እዛው ፓች ላይ እንደ አዲስ ስሪት ይገባል። የኮድ አጻጻፍ ደንባቸውንም ቀድማችሁ አንብቡት፣ ስፔስ ሳይሆን ታብ ነው የሚጠቀሙት፣ በዚህ በኩል አይለቁም።

ሲ ፕላስ ፕላስ ከከበዳችሁ ሃይኩፖርትስ አለ፣ የሌላ ሲስተም ሶፍትዌር ሃይኩ ላይ እንዲሰራ ሬሲፒ የሚባል ፋይል ትጽፋላችሁ፣ እዛ ፑል ሪኩዌስት (የሰራሁት ይግባልኝ የሚል ጥያቄ) በጊትሃብ ይቀበላሉ። ትርጉምና ዶክመንቴሽንም ሰው ይፈልጋል።

የላካችሁት ነገር መልስ ሳያገኝ ከቆየ ተስፋ አትቁረጡ፣ አብዛኞቹ ከስራ መልስ በትርፍ ሰአታቸው ነው የሚያዩት፣ ሳምንት ሁለት ሳምንት ጠብቃችሁ እዛው ስር በትህትና አስታውሷቸው።