የነዳጅ ታንክን ከጥገና በኋላ በቤት ግቢ መልሶ ስለመግጠም

የቤንዚን መኪና ታንክ ሲወርድ ብዙ ሰው የሚፈራው የሞላውን ነው፤ ይበልጥ ሊፈራ የሚገባው ግን ባዶ የሚመስለው ነው። ቤንዚን ከ0 በታች 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ እንኳ ተቀጣጣይ ተን ስለሚሰጥ፣ እንደ ባሕር ዳር ባለ ሞቃት ከተማ በታንኩ ግድግዳ ላይ የቀረው ጥቂት እርጥበት ከአየር ጋር ሲቀላቀል ለፍንዳታ ይበቃል። ተኑ ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይሳባል። ስለዚህ ሥራው የሚሠራው የጣና ነፋስ በሚገባበት ክፍት ግቢ፣ በቀን ብርሃን ነው፤ ግቢው የጋራ ከሆነም የቡናው ከሰልና የእንጀራው ምጣድ ሥራው እስኪያልቅ እንዲቆዩ ለጎረቤት አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል። የባትሪው ኔጋቲቭ ገመድ ይፈታ፤ የደረቅ ዱቄት እሳት ማጥፊያም በቅርብ ይቀመጥ፤ ውኃ የቤንዚንን እሳት ያሰራጫልና። የተቀዳው አሮጌ ነዳጅ በተከደነ ጀሪካን ይያዝ እንጂ ወደ ሐይቁ በሚወርድ ቦይ አይደፋ።

ከሁሉ በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው በታንኩ አናት ላይ ያለው የነዳጅ ፓምፑ ክዳን ጎሚኒ ነው። ነዳጅ የጠጣ አሮጌ ጎሚኒ ስለሚያብጥ፣ በአንድ በኩል ወደ ጎድጓዳ መስመሩ ሲገባ በሌላ በኩል ይወጣል፤ እንዲህ ያለውን በግድ ከመጫን በአዲስ መቀየር ይሻላል። ጉድለቱን በተራ ሲሊኮን መሸፈን፣ ልማዱ የቱንም ያህል የተስፋፋ ቢሆን፣ ጥገና አይባልም፤ ሲሊኮኑ በቤንዚን ይለሰልስና ቁርጥራጩ ወደ ፓምፑ ማጣሪያ ይገባል። መቀመጫውን በንጹሕ ጨርቅ ጠርጎ ጎሚኒውን ሳያጣምሙ ካስቀመጡ በኋላ፣ የጌጁ (የነዳጅ መጠን ጠቋሚው) ተንሳፋፊ ክንድ ከቀዳዳው ጠርዝ ጋር እንዳይጋጭ ፓምፑን ጋደል አድርጎ ማስገባት ይገባል። ክንዱ ትንሽ ከጎበጠ ጠቋሚው ያታልላል፤ ነዳጅ በወረፋ በሚቀዳበት ሰሞን ደግሞ ይህ ቀላል ጣጣ አይደለም። የክዳኑ ቀለበት በመዶሻ መመታት ካለበት፣ ብረት ከብረት ጋር ሲጋጭ ብልጭታ ስለሚፈጥር በመካከሉ እንጨት ይደረግ።

መኪናው በክሪክ ብቻ ቆሞ ሥሩ መግባት ክልክል ነው፤ የብረት ድጋፍ ያስፈልጋል፤ በክረምት መሬቱ ሲርስም ድጋፉ ከወፍራም ጣውላ ላይ ይቆማል። ታንኩ በክሪክና በጣውላ ወደ ላይ ሲነሳ፣ ገና እጅ የሚያስገባ ክፍተት እያለ የተን ቱቦው፣ የነዳጅ ቱቦዎቹ፣ የኤሌክትሪክ ሶኬቱና የማሳ ሽቦው (ታንኩን ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኘው) ይያያዛሉ፤ በኋላ አይደረስባቸውም። የተን ቱቦው ከተቆለመመ ታንኩ መተንፈስ ያቅተውና ነዳጅ ሲቀዳ ወደ ውጭ ይመልሳል። የማቀፊያ ቀበቶዎቹ ቡሎኖች በየተራ፣ ጥቂት በጥቂት ይጠብቃሉ።

ባትሪው ከተገናኘ በኋላ በመጀመሪያ 5 ሊትር ያህል ብቻ ተጨምሮ፣ ሞተሩ እየሠራ የቱቦዎቹ መጋጠሚያ ሁሉ በደረቅ ወረቀት ይፈተሻል። ይህ ግን የላይኛውን ጎሚኒ አይፈትነውም፤ ነዳጁ እስከዚያ አይደርስምና። ስለዚህ ታንኩ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ አፉ ሲሞላ መኪናውን አቁሞ የታንኩን አናት እንደገና ማየትና ማሽተት ያስፈልጋል፤ ሽታ ካለ ሞተሩን ማስነሳት አይገባም።