«8፡00» የቱ ስምንት ነው? ነርስ ተማሪዎች መድኃኒት ሲሰጡ የሚሠሯቸው ስህተቶች

ፋርማኮሎጂ፣ የመድኃኒት ትምህርቱን፣ አታውቁም እያልኩ አይደለም። ብዙዎቻችሁ የመድኃኒቱን የጎንዮሽ ጉዳት ከእኔ በተሻለ በቃላችሁ ትወጣላችሁ። ዋርድ ውስጥ የምታስደነግጡኝ በሌላ ነገር ነው።

ከሰዓቱ ልጀምር፣ በሱ ስለተቃጠልኩ። ሐኪሙ «8፡00» ብሎ ያዛል። በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ማለቱ ነው። ከቢቸና ወይም ከቡሬ የመጣች ተማሪ ግን ስምንት ሰዓት ሲባል ከልጅነቷ የምታውቀው ከምሳ በኋላ ያለውን ነው። በሁለቱ መካከል ስድስት ሰዓት አለ። «እኛ እኮ ገብቶናል ሲስተር» ትሉኛላችሁ። እኔም ገብቶኝ ነበር።

ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ዓመት ነው። ልባቸው የደከመ አንዲት እናት ላሲክስ፣ ውኃ በሽንት የሚያስወጣው መድኃኒት፣ 40 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ በደም ሥር ታዞላቸዋል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሰጠሁና «2፡00» ብዬ ፈረምኩ። ከሰዓት የተረከበኝ ባልደረባዬ ኦርደሩን ቢያየው 8፡00 ይላል፤ የግድግዳው ሰዓትም ስምንት ሆኗል። የእኔን «2፡00» ሌሊት የተሰጠ መስሎት ደገመላቸው። እናታችን ማታ ሽንት ቤት ሊሄዱ ብድግ ሲሉ ዞሮባቸው አልጋው ሥር ወደቁ። አጥንታቸው ተረፈ፤ እኛ ግን የደም ግፊታቸውን ስንለካ አደርን። ለሁለት ቀን ያህል ጥፋቱ የሱ ነው እያልኩ ዞርኩ። በሦስተኛው ቀን መዝገቡን ደግሜ ሳየው የእኔ ጽሑፍ ነው ያሳሳተው።

ስለዚህ ከቁጥሩ አጠገብ «ጠዋት»፣ «ከሰዓት»፣ «ማታ»፣ «ሌሊት» ብላችሁ ጻፉ። ዋርዱ በፈረንጅ ሰዓት የሚሠራ ከሆነ ደግሞ 08፡00 ወይም 20፡00 ተብሎ ይጻፍ። ማደባለቅ ግን የለም፤ ሁለቱን ያደባለቀ ተማሪ ካየሁ ወረቀቱን ነው የምመልስለት።

ይኸው ሰዓት ታካሚው ቤቱ ሲገባም ይከተለዋል። አንድ የሞጣ አባት አሞክሲሲሊን «በየስምንት ሰዓቱ» ተብለው ሄዱ። ሲመለሱ ቁስላቸው አልዳነም። ለካ በየቀኑ፣ ልክ ስምንት ሰዓት ላይ፣ አንዲት ፍሬ ብቻ ሲውጡ ነው የከረሙት! አንድም ቀን አላዛነፉም፤ ስሕተቱ የእኛ ነበር። አሁን «ጠዋት ሲነሱ፣ ከሰዓት፣ ማታ ሲተኙ» ብዬ እነግርና መልሰው እንዲነግሩኝ አደርጋለሁ።

ፖታሲየም ክሎራይድ ሳይበረዝ በሲሪንጅ ደም ሥር አይገፋም። ልብ ያቆማል። በዚህ ላይ ሌላ የምለው የለኝም።

ለጡንቻ ብላችሁ በማደንዘዣው በሊዶካይን የበጠበጣችሁት ሴፍትሪአክሶን (አንቲባዮቲኩ) ደም ሥር አይገባም። ሪንገር ላክቴት የሚባለው ፈሳሽ በሚወርድበት መስመርም አብሮ አይሰጥ፤ ሪንገሩ ውስጥ ካልሲየም አለ፣ ከመድኃኒቱ ጋር ሲገናኝ ይረጋል። ወተት የሚመስለው አንቲባዮቲክ፣ ቤንዛቲን ፔኒሲሊንም፣ ለጡንቻ ብቻ ነው።

ሳይሰጡ መፈረም። ስንፍና ነው፤ ሌላ ስም አልሰጠውም።

ስም ስትጠይቁ ደግሞ «አያ ይርጋ እርስዎ ነዎት?» አትበሉ። የእኛ አገር ሽማግሌ ነጭ ጋዋን ለለበሰ ሰው «አይደለሁም» ማለት ነውር ይመስለዋል። ጆሮው ባይሰማም «አዎ ልጄ» ይላል። አንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ይርጋ ተኝተው አይቻለሁ። «ስምዎ እስከ አያት ማን ይባላል?» ብላችሁ እሳቸው ይናገሩ፤ ከዚያ ከካርድ ቁጥሩ ጋር አስተያዩ። ሲደጋገም ይሰለቻል፣ አውቃለሁ።

በእርግዝና የደም ግፊት እንዳያንቀጠቅጣት ለእናት ማግኒዥየም ሰልፌት የምትሰጡ፣ ከእያንዳንዱ ዶዝ በፊት ሦስት ነገር እዩ፤ ጉልበቷ ሲመታ ይፈናጠራል ወይ፣ ትንፋሿ በደቂቃ ቢያንስ 16 ነው ወይ፣ ሽንቷ በሰዓት ቢያንስ 30 ሚሊ ሊትር ነው ወይ። አንዱ ከጎደለ መርፌውን አስቀምጡና አዋላጇን ወይም ሐኪሙን ጥሩ። ማርከሻው፣ ካልሲየም ግሉኮኔቱ፣ ደግሞ ፋርማሲ ሳይሆን አጠገባችሁ ይሁን። ጉልበት መምቻ መዶሻ የለም ብላችሁ አትለፉ፤ በእጅ ጠርዝም ይመታል።

የስኳር ሕመምተኛው መርፌ፣ ኢንሱሊን፣ ላይ ለዩኒት ብላችሁ «10U» አትጻፉ፤ ዩዋ ዜሮ ትመስልና አሥሩ መቶ ይሆናል። «ዩኒት» ብሎ መጻፍ ጊዜ አይወስድም።

ኢንሱሊንን ካነሳሁ ጾምን ሳላነሳ አላልፍም። ማንም ተማሪ የማይጠይቀው ጥያቄ ይህ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ብዙ የስኳር ታካሚ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምስም፤ መርፌውን ግን ጠዋት እንደታዘዘው ይወጋል። ከዚያ አምስትና ስድስት ሰዓት ላይ ስኳሩ ወርዶ፣ አልቦት፣ እየተንቀጠቀጠ፣ የማይሆን እየቀባጠረ ይመጣል። ቤተሰብ ለክፎት ነው ብሎ መጀመሪያ ጸበል ወስዶት ሊሆን ይችላል። የሚውጥ ከሆነ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ አጠጡት፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ የደም ስኳሩን ደግማችሁ ለኩ። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም አይጨመርም፤ ለሱ በደም ሥር 40 ፐርሰንት ግሉኮስ ነው።

«አይጹሙ» ብሎ ማዘዝ ደግሞ የከተማ ልጅ ስህተት ነው። «እሺ» ይሏችኋል፤ ይጾማሉ። ከአባይ በረሃ በኩል የመጡ አንድ ገበሬ በአንድ ጾም ሁለቴ እንዲህ ሆነው መጥተውብኛል። ኢንሱሊናቸውን እርጥብ አሸዋ ውስጥ በተቀበረ እንስራ በጥንቃቄ የሚያስቀምጡ ሰው ናቸው፤ ቸልተኛ አይደሉም። በሁለተኛው ጊዜ «የንስሐ አባትዎ ያውቃሉ?» አልኳቸው። አላወቁም ነበር። ሄደው ነገሯቸው፤ ቄሱም የታመመ ሰው እንዲጾም እንደማይገደድ አስረዷቸው። አሁን ቁራሽ እንጀራው ከፊታቸው ሳይቀርብ መርፌውን ከእንስራው አያወጡም።