ሞትን የሚያሳይ የሩሲያ ሉቦክ እንዴት ይነበባል

ሉቦክ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በሩሲያ ገበያዎች በርካሽ ይሸጥ የነበረ፣ ሥዕልና ጽሑፍ በአንድ ወረቀት የያዘ ህትመት ነው።

መጀመሪያ መስመሩን እዩ። ወፍራምና ሻካራ ከሆነ ከእንጨት ሰሌዳ የወጣ ነው። ቀጭን ሆኖ ጥላው በተደራረቡ ጭረቶች ከተሠራ ከመዳብ ነው፤ መዳብ የተስፋፋው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በዚህ ብቻ ግን ዕድሜውን አትወስኑ፤ ተፈላጊ ሥዕሎች ሰሌዳቸው ሲያረጅ እንደገና እየተቀረጹ ለረጅም ጊዜ ታትመዋል። ቀለሙ ከመስመሩ ቢያልፍም ምስጢር አትፈልጉበት። በእጅ፣ በጥድፊያ ነበር የሚቀባው።

ቀጥሎ ሞት በምን መልክ እንደመጣ ለዩ። በ«ጦረኛው አኒካና ሞት» ሥዕል ላይ ሞት አጽም ነው። አኒካ በጉልበቱ የሚመካ፣ ኢየሩሳሌምን ሊያጠፋ የተነሣ ሰው ነው፤ ሞት መንገድ ላይ ሲያገኘው ዕድሜ እንዲጨመርለት ይለምናል፣ የሚሰማው ግን የለም። አጽሙን ሰይጣን ነው ብሎ ማንበብ የተለመደ ስሕተት ነው። እዚህ ያለው ሞት ፈታኝ ሳይሆን ጉቦ የማይቀበል ወሳጅ ነው።

«አይጦች ድመትን ሲቀብሩ» ግን ሌላ ዓለም ነው፤ ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አጥፉ። ድመቱ እግሮቹ ታስረው በበረዶ ላይ በሚጎተት ጋሪ ተጋድሟል፣ አይጦቹ አጅበውታል። በየአይጡ አጠገብ ያለችውን አጭር ጽሑፍ አንድ በአንድ አንብቡ። ከሪያዛን የመጣችው አይጥ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ አምርራ ታለቅሳለች፣ ቁጢጥ እያለችም ትጨፍራለች! የሥዕሉ ቁልፍ ይህ የሐዘንና የደስታ ድብልቅ ነው። የድመቱ ማዕረግም የካዛንን፣ የአስትራካንንና የሳይቤሪያን ስም ይደረድራል፤ የዛሩን ማዕረግ መቀለጃ ማድረጉ ነው።

በዚህ ምክንያት የሩሲያን ጥበብ ያጠኑት ስታሶቭና ሮቪንስኪ ሥዕሉን እ.ኤ.አ. በ1725 ከሞተው ከዛር ቀዳማዊ ጴጥሮስ ቀብር ጋር አያይዘውታል። ፒፓ የሚያጨሰው አይጥና ሙዚቃው ግምታቸውን ያጠናክራሉ፤ ትምባሆ ማጨስና የቀብር ሙዚቃ በጴጥሮስ ዘመን የተለመዱ ናቸውና። ሌሎች ተመራማሪዎች ግን ሥዕሉን ዓለምን ገልብጦ የሚያሳይ የቆየ የሕዝብ ቀልድ አድርገው ያዩታል። የጴጥሮስን ትርጉም አስቀድማችሁ ከያዛችሁ እያንዳንዱ አይጥ የቤተ መንግሥት ሰው ይመስላችኋል፣ ጨዋታውም ያመልጣችኋል።

የድሮው ፊደል ካስቸገራችሁ ሮቪንስኪ እ.ኤ.አ. በ1881 ያሳተመውን የሩሲያ የሕዝብ ሥዕሎች ስብስብ ክፈቱ፤ ጽሑፎቹን ገልብጦ አስፍሯቸዋል። የአንዱን ሥዕል የተለያዩ ህትመቶች ጎን ለጎን አድርጋችሁ የተጨመረውንና የተቀነሰውን አይጥ ምልክት አድርጉ።