አሜሪካዊ ተማሪ ጎንደር ሲመጣ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እንዴት እናግዘው

ቤታችሁ ወይ ዶርማችሁ አሜሪካዊ ተማሪ ሊመጣ ከሆነ ይሄን አንብቡት። እኛ ቤት አንድ የኦሃዮ ልጅ ለአንድ ሴሚስተር ተቀምጦ ነበር፣ መጀመሪያ ሁለት ሳምንት እኛም ከፍቅር ብዛት አስጨነቅነው፣ እሱም እንዳያስቀይመን ብሎ ዝም አለ፣ ነገሩ የገባን ከዛ በኋላ ነው። ጎንደሬ እንግዳ መቀበል ያውቅበታል፣ እሱ ላይ ጥያቄ የለኝም። ግን ደግነታችን ምን ማለት እንደሆነ ካልተነገረው ሰውየው ግራ ይገባዋል፣ ስለዚ ዋናው ስራችሁ አፍ አውጥቶ ማስረዳት ነው።

ከሁሉም በፊት ሰዓት። በመጣ በሁለተኛው ቀን "ነገ 3 ሰዓት ፒያሳ እንገናኝ" አልኩት፣ እሺ አለኝ። ጠዋት ሄጄ ሻይ አዝዤ ጠበቅኩ ጠበቅኩ፣ ያኔ ሲም ስላልነበረው መደወል አልቻልኩም፣ ናቀኝ ማለት ነው ብዬ ተናድጄ ተመለስኩ። እሱ ደሞ ለካ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ እዛው በረንዳ ላይ ብቻውን ተቀምጦ አንድ ሰዓት ሙሉ ጠብቆኛል! ማታ ስንገናኝ ሁለታችንም አኩርፈናል። ለነሱ 3 ሰዓት ማለት የኛ 9 ነው፣ ሁሌ 6 ሰዓት ልዩነት አለው፣ ስለዚ ቀጠሮ ስትይዙ "ጠዋት፣ በኛ 3 በናንተ 9" በሉት። ቀኑም እንደዛው ነው፣ ግቢ ውስጥ የሚለጠፍ ማስታወቂያ በኛ አቆጣጠር ከሆነ ወደሱ ቀይራችሁ ስልኩ ላይ አስመዝግቡት። ሲም ደሞ በመጀመሪያው ቀን ፓስፖርቱን አስይዛችሁ ውሰዱትና ይግዛ።

ምግብ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ቅያሜ የሚመጣው ከዚህ ነው። እኛ ጋ የመጀመሪያው "አይ" አይቆጠርም፣ ሁለት ሶስቴ ካልተለመነ ማን ይበላል? እነሱ ጋ ግን አይ ካለ አይ ነው። እናቴ "በሞቴ፣ እቺን ብቻ" ስትል እሱ ፊቱ ይቀላል፣ ይበላል፣ ሳህኑን ጥርግ አድርጎ ይጨርሳል፣ እንዲ የሚያደርገው ምግቡን እንደወደደው ለማሳየት ብሎ ነው። እናቴ ደሞ ባዶ ቦታ ካየች ገና አልጠገበም ብላ ወጡን ትጨምርበታለች። ለሶስት ቀን እንዲ ሲፋለሙ ከርመው በመጨረሻ ልጁ ሆዱን ታሞ ተኛ። "በቃኝ" እና "ጠገብኩ፣ እግዜር ይስጥልኝ" የሚሉትን ቃላት አስተምሩት፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሲናገር ደሞ የበለጠ ይሰማል። እናቶችንም ለብቻ አስረዷቸው፣ አይ ሲል ንቆን አይደለም በሏቸው።

ይሄ ነገር በተቃራኒውም ይሰራል። አንድ ቀን ከቤተሰቡ የተላከለትን ቸኮሌት ከፍቶ ለእህቴ "ትፈልጊያለሽ?" አላት፣ እሷ በይሉኝታ "አይ ይቅርብኝ" አለች፣ እሱም እሺ ብሎ ወደ ቦርሳው መለሰው። ልጅቷ እስከ ማታ ከፍቷት ዋለች። እሱን ስስታም እንዳትሉት፣ አይ ስትሉት የእውነት የማትፈልጉ ይመስለዋል። ከፈለጋችሁ አዎ በሉ፣ ለሱም እኛ ጋ ደጋግሞ መጋበዝ ወግ እንደሆነ ንገሩት።

ጉርሻውን ከመስጠታችሁ በፊት ምን እንደሆነ ንገሩት፣ ድንገት አፉ ጋ እጅ ሲመጣ የሚደነግጥ አለ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብላችሁ ሁለተኛውን ስታጎርሱት ግን ይስቃል። ጥሬ ስጋ አልበላም ካለ አትጫኑት። ስጋ የማይበላ ከሆነ ደሞ ጾም ላይ መጥቶ ከሆነ እድለኛ ነው፣ ሮብና አርብ በያይነቱ አለ፣ ሽሮና ምስር አለ፣ አብይ ጾም 55 ቀን ሙሉ እንደልቡ ይበላል። የማይስማማው ነገር ካለ ግን ገና በር ላይ ጠይቁት፣ ለውዝ ወይ ወተት የሚያሳምመው ሰው አለ። ውሃም የታሸገ ወይ የፈላ ስጡት።

ቡና ላይ ጥሩት። ችግሩ አቦሉን ጠጥቶ ብድግ ሊል ይችላል፣ ጨረስኩ ብሎ ነው። ቶና እና በረካ እንዳለ፣ ሰው የሚጨዋወተው እዛ ላይ እንደሆነ፣ አንድ ሰዓት ምናምን እንደሚፈጅ አስቀድማችሁ ንገሩት፣ የሚያጠናው ካለ ጊዜውን ያስተካክላል። ሽማግሌ ሲገባ ደሞ ብድግ ብሎ "ኖር" እንዲል አሳዩት። የኛው ልጅ ይሄን በደንብ ያዘው፣ አያቴ ከቤተክርስቲያን ሲመለሱ ከሁላችን ቀድሞ ይነሳ ነበር፣ እሳቸውም "በእግዜር!" ብለው ትከሻውን ይዘው ያስቀምጡት ነበር። አንተ እና እርስዎንም ቶሎ አስተምሩት፣ በእንግሊዝኛ ልዩነት ስለሌለው ለትልቅ ሰው "አንተ" ሊል ይችላል፣ ሲሳሳት በቀስታ አርሙት እንጂ አትሳቁበት።

መንገድ ላይ። ህጻናት "ፈረንጅ ፈረንጅ" እያሉ ይከተሉታል፣ ስድብ እንዳልሆነ ንገሩት፣ ግን በቀን ሰላሳ ጊዜ ሲሰማው የሚደክመው መሆኑንም እወቁለት፣ አብራችሁት ካላችሁ ልጆቹን አረጋጉ። ጥቁር አሜሪካዊ ከሆነ ደሞ ሰው አበሻ መስሎት በአማርኛ ያወራዋል፣ ካልመለሰ ኮራ ይሉታል። በጣም የምለምናችሁ፣ "አሜሪካዊ አትመስልም" የምትል ቃል ከአፋችሁ እንዳትወጣ። እንደዛ ያለ ሰው ሁለት አገር እንግዳ ሆኖ ይሰማዋል።

ወንዶች ከሆናችሁ አንድ ነገር። እኛ ከጓደኛችን ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘን ፒያሳን ስንዞር ምንም አይመስለንም፣ እነሱ ጋ ወንድና ወንድ እጅ የሚያያዘው ፍቅረኛ ከሆነ ነው፣ ስለዚ እጁን ሲስብ አትቀየሙ።

ፋሲል ግቢ መውሰዳችሁ አይቀርም፣ ውሰዱት፣ አጼ ፋሲል ከተማዋን በ1636 እንደ ፈረንጆቹ እንደቆረቆሯት፣ ግንቡም በነሱው አቆጣጠር በ1979 በዩኔስኮ መመዝገቡን ንገሩት። መግቢያው ለውጭ ሰው ዋጋው ይለያል፣ ትኬት መቁረጫው ጋ ድንገት ከሚሰማው እቤት እያላችሁ ንገሩት። ደብረ ብርሃን ስላሴ ስትሄዱ ጫማ እንደሚወልቅ፣ ፎቶ ሳይጠየቅ እንደማይነሳ ንገሩት፣ ጣሪያው ላይ ያሉትን የመላእክት ፊቶች ቀና ብሎ ሲያይ ዝም በሉት፣ እኛ ስለለመድነው ነው እንጂ ያስደነግጣል። ጥር ላይ ካለ ከተራውንም ጥምቀቱንም ጥር 10 እና 11 አብራችሁት ሁኑ፣ የፋሲል መዋኛ ጋ ግፊያው ከባድ ስለሆነ ብትጠፋፉ የት እንደምትገናኙ ቀድማችሁ ተስማሙ። ከከተማ መውጣት ከፈለገ ስለ መንገዱ ሰላም ሳትጠይቁ አትልቀቁት።

አሁን ከባዱን ልናገር። ዲቪ፣ ስፖንሰር፣ ስልክ ላክልኝ ምናምን የሚባለውን ወሬ ተዉት። የኛ ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት አራት ሰው ጠይቆት ነበር፣ ከዛ በኋላ ሰው ሲስቅለት ራሱ "ምን ሊጠይቀኝ ነው" እያለ ይጠራጠር ነበር፣ ያ ጥርጣሬ እስኪለቀው ወር ፈጀ። ልጋብዝህ ካላችሁም እንደምትከፍሉ አረጋግጡ፣ በሚቀጥለው እሱ ይክፈል፣ ተራ በተራ ሲሆን ወዳጅነቱ ይጠናል።

ሁለተኛው ሶስተኛው ሳምንት ላይ በሩን ዘግቶ ይቀመጣል። እኛ አኮረፈ ወይ ታመመ ብለን በር እናንኳኳለን፣ ብቻውን ምን ያደርጋል እንላለን። እነሱ ግን ብቻቸውን ሲሆኑ ነው የሚያርፉት። ሻይ በር ላይ አስቀምጡለትና ተዉት። ናፍቆትም ይኖራል፣ ኦሃዮ ከኛ በ7 ወይ በ8 ሰዓት ወደኋላ ስለሆነ ቤተሰቡን ለማግኘት የሚመቸው የኛ ማታ 2 ሰዓት ነው፣ እዛ እኩለ ቀን አካባቢ ይሆናል፣ በዛ ሰዓት እንግዳ አትጥሩበት።

አንድ ወር ሲሞላው ብቻውን ታክሲ ይያዝ። "ወራጅ አለ" የምትለዋን ጮክ ብሎ እንዲላት ቤት ውስጥ አለማምዱት፣ ዝርዝር ብር ስጡት፣ ከፒያሳ ማራኪ ሄዶ ይመለስ፣ እናንተ ስልካችሁን ከፍታችሁ ጠብቁ።